ሌዘርና ግላኮማ፦ ከማቃጠል ወደ መቀስቀስ

እስቲ ወደ ንባቡ ከመግባታችሁ በፊት አንድ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። በወረቀቱ ግራ በኩል ትንሽ የመደመር ምልክት ጻፉ። ከእሱ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ቀኝ ርቃችሁ ደግሞ ወፈር ያለ ነጥብ አድርጉ። ግራ ዓይናችሁን በእጃችሁ ሸፍኑ። በቀኝ ዓይናችሁ የመደመር ምልክቱን ብቻ እያያችሁ ወረቀቱን ቀስ አድርጋችሁ ወደ ፊታችሁ አቅርቡት። 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲደርስ ነጥቡ ይጠፋል። በቦታው ጥቁር ቀዳዳ አይታያችሁም፤ የሚታያችሁ ባዶ ነጭ ወረቀት ነው።

ነጥቡ የጠፋው የዓይን ነርቭ ከዓይን ኳስ የሚወጣበት ቦታ ላይ ስላረፈ ነው። እዚያ ብርሃን የሚቀበል ሕዋስ የለም። አእምሯችን ክፍተቱን በዙሪያው ባለው ነገር ይሞላዋል፤ "እዚህ ጋ አላየሁም" ብሎ አይነግረንም። ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ይህን ክፍተት ይዘን እንኖራለን፣ ግን አናውቀውም።

ግላኮማ የሚባለውን በሽታ አደገኛ የሚያደርገውም ይኸው ነው። የዓይን ነርቭን ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጉ ቀጫጭን ክሮች የታሰሩበት ገመድ አድርጋችሁ አስቡት። ግላኮማ ክሮቹን በዓመታት ውስጥ ጥቂት በጥቂት ይበጥሳቸዋል። በብዙ ሕሙማን ላይ አያምም፣ ዓይን አያቀላም፣ አያስለቅስም። ጉዳቱ ብዙውን ጊዜ ከዳር ስለሚጀምር አእምሮ ክፍተቱን እየሞላ ይሸፍንለታል። ሰውየው ከበር ጋር መጋጨትና ደረጃ መሳት ሲጀምር ብዙው ክር አልቋል። የተበጠሰ ክር ደግሞ ተመልሶ አይቀጠልም።

ይህ ጽሑፍ ያንን መበጠስ በብርሃን ለማስቆም የተሄደበትን መንገድ ይተርካል። ታሪኩ በርሊንን፣ ሞስኮን፣ ቦስተንንና ሞሺን አቋርጦ ሆሳዕናና ዱራሜ ይደርሳል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

"ሞራው ይብሰል"

በሐዲያና በከምባታ ከተሞች፣ ሆሳዕና ይሁን ሾኔ፣ ዱራሜ ይሁን ሺንሺቾ፣ የአንድ አዛውንት ዓይን ሲደክም ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚጠራው ስም ሞራ ነው። ግምቱ ከመሬት የተነሣ አይደለም። በ2005 እና በ2006 በመላ ሀገሪቱ በተካሄደው የዓይን ጤና ጥናት ከ100 ዓይነ ስውራን የ50ዎቹ ምክንያት ሞራ ሆኖ ተገኝቷል። ትራኮማ የሚያስከትለው ጠባሳ ወደ 12 ያህሉን ይይዛል። ግላኮማ 5 ያህሉን ይዞ አምስተኛ ደረጃ ላይ ነበር።

ታዲያ ከ100 አምስቱ ምን ያስፈራል? የሚያስፈራው ቁጥሩ ሳይሆን የጉዳቱ ዓይነት ነው። ሞራ የዓይን ሌንስ መደፈን ስለሆነ ሌንሱ ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ሲተካ ሰውየው መልሶ ያያል። "ሞራው ይብሰልና ይወጣል" ብሎ ጥቂት ወራት መጠበቅ አብዛኛውን ጊዜ ኑሮን ያጎድላል እንጂ ብርሃንን ለዘለዓለም አይወስድም። ሞራ የተባለው ነገር ግላኮማ ሆኖ ከተገኘ ግን በተጠበቀው ወር ሁሉ ክር እየተበጠሰ ነው። በአዲስ አበባም በጅማም የግላኮማ ሕሙማንን ያጠኑ ሐኪሞች ደጋግመው የጻፉት ይህንኑ ነው፤ ሕሙማኑ የሚመጡት በሽታው ከገፋ በኋላ፣ ብዙ ጊዜም አንዱ ዓይን ከጠፋ በኋላ ነው።

ዓይን እንደ ሮቶ

ሕክምናውን ለመረዳት መጀመሪያ ቧንቧውን እንይ። ጣሪያ ላይ የተቀመጠ ሮቶ አስቡ። በአንድ በኩል ውሃ ያለማቋረጥ ይገባል፣ በሌላ በኩል በወንፊት አልፎ ይወጣል። የሚገባውና የሚወጣው እኩል እስከሆነ ድረስ ሮቶው ሰላም ነው። ወንፊቱ በቆሻሻ ከተደፈነ ግን ውስጡ ያለው ግፊት ይጨምራል።

የዓይናችን ፊተኛ ክፍልም እንዲሁ ይሠራል። ከአይሪስ ጀርባ የሚገኝ አካል በየደቂቃው 2 ማይክሮ ሊትር ያህል ጥርት ያለ ፈሳሽ ያመነጫል። ፈሳሹ በብሌን በኩል ወደ ፊት ይመጣና አይሪስና ኮርኒያ በሚገናኙበት ጥግ ዙሪያውን በተዘረጋ ወንፊት መሰል ሥጋ በኩል ይወጣል። ይህ ፈሳሽ ከእንባ የተለየ ነው፤ እንባ ከውጭ ነው፣ ይኼኛው ከውስጥ። ጤናማ ግፊት በአብዛኛው ሰው ላይ ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ወንፊቱ ሲያስቸግር ግፊቱ ይወጣል፣ ከኋላ ያለው የነርቭ ገመድም ይጎዳል። ግፊታቸው "ጤናማ" በተባለው ልክ ውስጥ ሆኖ ግላኮማ የሚይዛቸው ሰዎችም አሉ። ቢሆንም እስከ ዛሬ ሐኪም እጅ ላይ ያለው የተረጋገጠ መላ አንድ ብቻ ነው፦ ግፊቱን ዝቅ ማድረግ።

በእኛ ሀገር ወንፊቱን የሚያስቸግር አንድ የተለየ ነገር አለ። አንዳንድ ሰዎች ዓይን ውስጥ ከዕድሜ ጋር ፎረፎር የመሰለ ነጭ ብናኝ ይከማቻል። ብናኙ ከአይሪስ ላይ ቀለም እየፋቀ ከቀለሙ ጋር ወደ ወንፊቱ ይሄዳል። በ2004 በታተመ አንድ ጥናት ለሞራ ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ከያዙ ኢትዮጵያውያን ውስጥ ከ100 ወደ 39 በሚጠጉት ላይ ይህ ብናኝ ታይቷል። በጣም ከፍተኛ ቁጥር ነው። "ቀለም" የሚለውን ቃል ያዙልኝ፣ በኋላ ያስፈልገናል።

ስለትና ባቄላ

ሰዎች ግፊቱን ለመቀነስ መሞከር የጀመሩት ከሌዘር መቶ ዓመት ቀድመው ነው። በ1857፣ እኛ ዘንድ አፄ ቴዎድሮስ በነገሡ በሁለተኛው ዓመት፣ በርሊን ላይ አልብሬክት ፎን ግሬፈ የተባለ የዓይን ሐኪም ከአይሪስ ትንሽ ቁራጭ ቆርጦ በማውጣት ድንገተኛውንና የሚያሠቃየውን የግላኮማ ዓይነት ማስቆም እንደሚቻል አሳየ። እስከዚያ ድረስ ግላኮማ ማለት ተስፋ የሌለው ነገር ነበር።

ጠብታ የመጣው ከአፍሪካ ባቄላ ነው። በዛሬዋ ናይጄሪያ በካላባር አካባቢ የሚበቅል አንድ መርዛማ ባቄላ ነበር፤ የአካባቢው ሰዎች ተከሳሽን ለመፈተን ያበሉት ነበር። ከዚህ ባቄላ የወጣው ንጥረ ነገር ብሌንን እንደሚያጠብ ታወቀ። ሉድቪግ ላኩወር የተባለ ሐኪም በ1876 ለግላኮማ ተጠቀመበት። እሱ ራሱም የግላኮማ ሕመምተኛ ነበር። ያ ዓመት አፄ ዮሐንስ ጉራ ላይ የግብፅን ጦር ያሸነፉበት ዓመት ነው። በቀጣዩ ዓመት ፓይሎካርፒን ተከተለ።

ከዚያ ብዙ አስርት ዓመታት አለፉ። በ1968 እንግሊዛዊው ጆን ኬርንስ ፈሳሹ በዓይን ነጭ ክፍል ላይ በተከፈተ ትንሽ በር የሚወጣበትን ቀዶ ሕክምና አስተዋወቀ፤ እስከ ዛሬም በሽታው ለገፋበት ሰው ዋና መድኃኒት ነው። በ1978 ደግሞ ቲሞሎል የሚባለው ጠብታ አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አገኘ። ርካሽ ነው፣ ይሠራል፣ በሀገራችንም በሰፊው ይታዘዛል።

ጠብታ ግን አንድ ባሕርይ አለው፤ ሥራውን የሚሠራው ታካሚው ነው። በቀን ሁለት ጊዜ በሁለት ዓይን ማለት በዓመት 1,460 ጠብታ ማለት ነው። ያውም ለማያምም በሽታ፣ ምንም ለውጥ ሳይታይ፣ ዕድሜ ልክ። የሚያምም ነገር ራሱ መድኃኒቱን ያስታውሳል፤ ግላኮማ አያስታውስም።

ሩቢ፣ ሞስኮ እና ጦጣዎቹ

በግንቦት 1960 ካሊፎርኒያ ውስጥ ቴዎዶር ሜይማን ከሩቢ ድንጋይ የመጀመሪያውን ሌዘር አፈለቀ። ሌዘር ምንድን ነው? አንድ ቀለም ያለው፣ ማዕበሉ በእኩል የሚራመድ፣ በጣም ጠባብ ቦታ ላይ ሊሰበሰብ የሚችል ብርሃን ነው። በሰው አካል ላይ ከሁሉ ቀድሞ ሥራ ያገኘው ዓይን ላይ መሆኑ አይገርምም። ኮርኒያ መስተዋት ነው፤ ብርሃን ቆዳ ሳይቆረጥ ወደ ውስጥ የሚገባበት ሌላ የአካል ክፍል የለንም።

ለግላኮማ የመጀመሪያውን ትልቅ ሙከራ ያደረገው ሞስኮ ላይ ሚካኤል ክራስኖቭ ነው። በ1973፣ ከእኛ አብዮት አንድ ዓመት ቀድሞ፣ በሩቢ ሌዘር አጫጭር ምቶች ወንፊቱን መብሳቱን ጻፈ። ሐሳቡ ማንም ሰው ሊያስበው የሚችል ነው፦ ተደፈነ፣ እንብሳው። ግፊቱም ወረደ። ነገር ግን ሕይወት ያለው ሥጋ እንደ ቆርቆሮ አይደለም። ቀዳዳው ይድናል፣ ይዘጋል፣ ግፊቱም ይመለሳል።

በቀጣዩ ዓመት ነገሩ ይበልጥ ግራ አጋቢ ሆነ። ጋስተርላንድና ኩፕፈር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የጦጣዎችን ወንፊት በአርጎን ሌዘር ደጋግመው ሲመቱ ግፊቱ በመውረድ ፈንታ ወጣ። ጦጣዎቹን ግላኮማ አስያዟቸው ማለት ነው። በዚያ ሰዓት "ይህ ነገር ይቅር" ቢባል ማንም አይፈርድም ነበር።

ዋይዝና ዊተር ግን ኃይሉን ቀንሰውና ምቶቹን አራርቀው ሞከሩት። በ1979 ባሳተሙት ጥናት በወንፊቱ ዙሪያ 100 ያህል ጥቃቅን ቃጠሎ በአርጎን ሌዘር አደረጉ፤ አንዱም ቀዳዳ አልነበረም። ግፊቱ ወረደ፣ ሳይመለስም ቆየ። ዋይዝ የሰጠው ማብራሪያ መካኒክ የሚገባው ነው፦ የተቃጠለው ነጥብ ሲጠባ በአጠገቡ ያለውን ያልተቃጠለ ሥጋ ይወጥረዋል፣ የተወጠረው ወንፊት ቀዳዳዎቹ ይከፈታሉ። በ1990 ውጤቱ የታተመው የአሜሪካ ትልቅ ጥናት ደግሞ 271 ሕሙማንን ተከታትሎ፣ በሌዘር መጀመር በጊዜው በነበረው ጠብታ ከመጀመር እንደማያንስ አሳየ።

ይህም ሆኖ ሌዘሩ ዋና ሕክምና አልሆነም። ምክንያቱ ጠባሳ ነው። እያንዳንዱ ምት ወንፊቱ ላይ ቋሚ ጉዳት ይተዋል። ውጤቱ ከዓመታት በኋላ ሲደክም መድገም አደገኛ ነው፤ ብትደጋግሙት የጦጣዎቹን ታሪክ በሰው ላይ ልትደግሙት ትችላላችሁ።

ምቱን ማሳጠር

እዚህ ላይ ታሪኩ ወደ ፊዚክስ ይዞራል። ጣታችሁን በሻማ ነበልባል ውስጥ ሽው አድርጋችሁ ብታሳልፉት አይቃጠልም። አንድ ሰከንድ ብታቆዩት ግን ታውቁታላችሁ። ነበልባሉ ያው ነው፤ የተለወጠው ሙቀቱ ወደ ውስጥ ለመሄድ ያገኘው ጊዜ ነው።

በ1983 አንደርሰንና ፓሪሽ የተባሉ ሁለት የቆዳ ሐኪሞች ይህን ሐሳብ በሒሳብ አስቀመጡት። በሥጋ ውስጥ ጥቁር ቀለም ያለው ቅንጣት ካለ፣ ብርሃኑን የሚውጠው እሱ ነው። ቅንጣቱ ሙቀቱን ለጎረቤቱ ለማካፈል የተወሰነ ጊዜ ይፈልጋል። የብርሃኑ ምት ከዚያ ጊዜ ካጠረ፣ ቅንጣቱ ብቻ ይሞቃል፣ ጎረቤቱ ምንም ሳይሰማው ምቱ ያልቃል። ለሜላኒን ቅንጣት ይህ ጊዜ 1 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ነው፤ የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ።

አሁን "ቀለም" ያልኩትን አስታውሱ። በወንፊቱ ውስጥ ያሉት ሕዋሳት ፈሳሹ ይዞ የሚመጣውን ቀለም እየዋጡ ሜላኒን ያከማቻሉ። ማርክ ላቲና እና ፓርክ ቦስተን ላይ ቀለም ያላቸውንና የሌላቸውን የወንፊት ሕዋሳት በአንድ ሳህን ቀላቅለው በአጭር ምት መቷቸው። በ1995 ባሳተሙት ውጤት የተጎዱት ቀለም ያላቸው ብቻ ነበሩ፤ አጠገባቸው የነበሩት አልተነኩም። በ1998 በሕሙማን ላይ የተገኘው ውጤት ታተመ፣ በ2001 መሣሪያው አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አገኘ። ሐኪሞች ኤስ.ኤል.ቲ. ይሉታል። እኛ "መራጩ ሌዘር" እንበለው።

በሁለቱ ሌዘሮች መካከል ያለውን ልዩነት በቁጥር እንየው፤ ኢንጂነሪንግ የተማረ ሰው ይህን ሳያደርግ አያልፍም። አርጎኑ ስፋቱ 50 ማይክሮ ሜትር በሆነ ነጥብ ላይ ለ0.1 ሰከንድ ያርፋል፤ ኃይሉን 0.8 ዋት ብንል በአንድ ምት 80 ሚሊ ጁል ያሳርፋል። መራጩ ሌዘር 400 ማይክሮ ሜትር ስፋት ላይ ለ3 ናኖ ሰከንድ ብቻ ያርፋል፤ ኢነርጂው 0.8 ሚሊ ጁል ገደማ ነው። ኢነርጂው በ100 እጥፍ አንሷል። የሚያርፍበት ስፋት በ64 እጥፍ አድጓል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ቅንጣት ሥጋ ላይ የሚያርፈው በ6,400 እጥፍ ያነሰ ነው። በአንድ ቀጠሮ የሚሰጡት 100 ያህል ምቶች ተደምረው እንኳ የአርጎኑን አንዲት ምት ብቻ ያክላሉ። ያ ሁሉ ኢነርጂ አንድ የሻይ ማንኪያ ውሃ ላይ ቢያርፍ ሙቀቱን በዲግሪ መቶኛ እንኳ አይጨምረውም። 3 ናኖ ሰከንድ ምን ያህል ያጥራል? ከሁሉ የሚፈጥነው ብርሃን ራሱ በዚያ ጊዜ 90 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው የሚጓዘው።

ይህን ያህል ትንሽ ነገር ታዲያ ግፊትን እንዴት ይቀንሳል? ወንፊቱን አይበሳውም፣ አይወጥረውም። የተመቱት ሕዋሳት ለሰውነት የድረሱልኝ ምልክት ይልካሉ፣ የሰውነት ጽዳት ሠራተኛ የሆኑት ነጭ የደም ሕዋሳት ይመጣሉ፣ ቆሻሻው ይነሣል፣ ወንፊቱም ፈሳሽ በቀላሉ ያሳልፋል። ሌዘሩ የሚያደርገው ሰውነትን መቀስቀስ ነው። ለዚህም ነው ውጤቱ በዚያው ቀን ሳይሆን ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ በደንብ የሚለካው። ጠባሳ ስለማይተው ደግሞ ሲደክም መድገም ይቻላል።

ለታካሚው ነገሩ ቀላል ነው። ማደንዘዣ ጠብታ ይደረግለታል፣ አገጩን የምርመራ መሣሪያው ላይ ያሳርፋል፣ ሐኪሙ መስታወት ያለው ሌንስ ዓይኑ ላይ ይይዛል፣ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማል። ለአንድ ዓይን ከ10 ደቂቃ አይበልጥም። ስለት የለም፣ አልጋ መያዝ የለም። መነጽር ለማስጣል ኮርኒያ ላይ ከሚሠራው ሌዘር ጋር ግን አታምታቱት፤ ሌላ ሥራ ነው። የወንፊቱ ጥግ ለተዘጋባቸው ሰዎች አይሪስ ላይ ትንሽ ቀዳዳ የሚከፍት ሌዘር አለ፤ ፈሳሽ የሚያመነጨውን አካል የሚያዳክም ሌላ ሌዘርም አለ። የትኛው ለማን እንደሚሆን የሚወስነው ጥጉን በሌንስ ያየ ሐኪም ነው።

ከለንደን እስከ ሞሺ

መሣሪያው ከተፈቀደ በኋላ እንኳ ለብዙ ዓመት ሌዘር ጠብታ ሲያቅት የሚሞከር ነገር ሆኖ ቆየ። ያንን ቅደም ተከተል የገለበጠው በ2019 የታተመው የእንግሊዝ ጥናት ነው። በስድስት ሆስፒታሎች 718 አዲስ ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ገሚሱ በጠብታ፣ ገሚሱ በሌዘር ጀመሩ። ከ3 ዓመት በኋላ በሌዘር ከጀመሩት ከ100 ወደ 74 የሚጠጉት አንድም ጠብታ ሳይጨምሩ ግፊታቸው በተፈለገው ልክ ነበር። በ2022 የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ ሌዘርን ለአብዛኞቹ አዲስ ሕሙማን የመጀመሪያ ምርጫ አደረገው።

"ጥሩ ነው፣ ግን እንግሊዝ ነው" ትሉ ይሆናል። ትክክል ናችሁ። ለእኛ የሚበልጠው ጥናት በ2021 የታተመው የታንዛኒያው ነው። ቦታው ሞሺ ከተማ፣ ከኪሊማንጃሮ ተራራ ግርጌ ያለው የኪሊማንጃሮ ክርስቲያን ሜዲካል ሴንተር ነው። ተራራው ሥር ሙዝና ቡና ጓሮው ያለ ገበሬ ይኖራል፤ የከምባታን የእንሰትና የቡና ጓሮ ላየ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ከሩቅ የሚመጣ፣ ዘግይቶ የሚመጣ፣ በሽታው የገፋበት ታካሚ ነው። 201 ሕሙማን በዕጣ ተከፍለው ገሚሱ ቲሞሎል ጠብታ፣ ገሚሱ መራጩን ሌዘር አገኙ። ከ1 ዓመት በኋላ በጠብታው ከ100 ዓይኖች 31ዱ፣ በሌዘሩ 61ዱ የተፈለገው ግፊት ላይ ነበሩ። እጥፍ ማለት ነው።

የሁለቱን ጥናቶች ውጤት አብራችሁ አስቡት። እንግሊዝ ውስጥ ጠብታም ሌዘርም ግፊቱን በደንብ ይዘዋል፤ ልዩነቱ በዋናነት ያለ ጠብታ መኖርና ወጪ ነበር። ሞሺ ላይ ግን ልዩነቱ ከምቾት ያለፈ ነው።

የሆሳዕና ሒሳብ

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። በሆሳዕና የሚገኘው ሆስፒታል የተሰየመው በንግሥት እሌኒ ሲሆን፣ እሳቸውም ከ500 ዓመት በላይ በፊት ከሐዲያ ገዢ ቤት ወጥተው ቤተ መንግሥት የገቡ፣ በ1509 ለፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኛ የላኩ ሴት ናቸው። ከዚያ ከተማ እስከ አዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመንገዱ ላይ ቡታጅራ የግራርቤት የዓይን ሆስፒታል አለ። አዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲው የዓይን ሕክምና ትምህርት ክፍል ያለበት የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል አለ። ከዱራሜ የሚነሣ ሰው ደግሞ በሃላባና በሻሸመኔ በኩል ሐዋሳ መውረድ ይችላል። መራጩ ሌዘር ግን በየወረዳው ሆስፒታል የሚገኝ መሣሪያ አይደለም።

አንድ አባት ግላኮማ ተገኘባቸው እንበል። የጠብታ ጠርሙስ 5 ሚሊ ሊትር ነው። በሁለት ዓይን በቀን ሁለት ጊዜ ከሆነ በወር 120 ጠብታ ያስፈልጋል፤ ጠርሙሱ የሚይዘውም ይህንኑ ያህል ነው። ስለዚህ በዓመት 12 ጊዜ መድኃኒት ቤት መሄድ፣ 12 ጊዜ መድኃኒቱ መኖሩን መጠየቅ፣ 12 ጊዜ መክፈል። ላታኖፕሮስት የተባለው ጠንከር ያለ ጠብታ በቀን አንዴ ይበቃዋል፤ ግን ከመከፈቱ በፊት ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። እጅ የሚንቀጠቀጥ ሰው ጠብታውን ራሱ ማድረግ ይከብደዋል። ልጆቹስ? ከሐዲያና ከከምባታ ስንቱ ወጣት ደቡብ አፍሪካ እንዳለ እናንተ ታውቁታላችሁ። ከጆሃንስበርግ ብር መላክ ይቻላል፤ ማታ ማታ አባት ዓይን ውስጥ ጠብታ ማድረግ ግን አይቻልም።

ሌዘር ይህን የ12 ወር ሥራ ወደ ጥቂት ቀጠሮ ያጥፈዋል። አንድ ቀን ለሌዘሩ፣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት በኋላ ለልኬት፣ ከዚያም ሐኪሙ በሚያዘው ልክ ክትትል። ሥራው ከታካሚው ትከሻ ወርዶ ወደ መሣሪያውና ወደ ሐኪሙ ይሄዳል። ሌዘር በእኛ መንገድ ላይ ከለንደን ይልቅ ዋጋ የሚኖረው ለዚህ ነው።

ነገሩን ግን አናጋንነው። መራጩ ሌዘር ሁሉም ሰው ላይ አይሠራም፤ ሞሺ ላይም ከ100 ዓይኖች 39ኙ አልተሳካላቸውም። ውጤቱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሊደክምና መደገም ሊያስፈልገው ይችላል። ወንፊታቸው በቀለም የተሞላ ሰዎች ላይ ከምቱ በኋላ ግፊቱ ለጥቂት ሰዓት ሊጨምር ስለሚችል ሐኪሙ ኃይሉን ይቀንሳል፣ ከሕክምናው በኋላም ይለካል። በሽታው ለገፋበት ሰው ቀዶ ሕክምናው ሊሻል ይችላል። ከሁሉ በላይ ሌዘር የቀረውን ይጠብቃል፤ የጠፋውን አይመልስም። "ሌዘር ተደርጎልኛል፣ ድኛለሁ" ብሎ ክትትል ያቆመ ሰው ክሮቹ ሳያውቅ መበጠሳቸውን ሊቀጥሉ ይችላሉ።

አንድ ነገር ለኢንጂነሪንግና ለባዮሜዲካል ተማሪዎች። ይህ መሣሪያ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ነው፤ ትልቅ ክፍል አይጠይቅም። የሚጠይቀው የማይዋዥቅ መብራት፣ የተስተካከለ መስተዋት፣ በየጊዜው የሚለካ ኢነርጂና ሲበላሽ የሚጠግነው ሰው ነው። በሀገራችን ሆስፒታሎች አንድ መለዋወጫ አጥቶ ጨርቅ ለብሶ የተቀመጠ መሣሪያ ማየት ብርቅ አይደለም። መራጩ ሌዘር ወደ ክልል ከተሞች በወረደ ቁጥር ሐኪም ብቻ አይበቃውም፤ እናንተም ታስፈልጉታላችሁ።

ዛሬ ምን እናድርግ?

ግላኮማ በቤተሰብ ይሄዳል። አባት፣ እናት፣ ወንድም ወይም እህት ካለበት የእናንተ ዕድል ከሌላው ሰው በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ዕድሜ ከ40 ሲያልፍ ደግሞ አደጋው ያድጋል። ስለዚህ ዘመድ "ሞራ ነው፣ ይብሰል" ሲል ከሰማችሁ፣ መጀመሪያ በዓይን ባለሙያ መታየቱን ጠይቁ። ስትሄዱም ሦስት ነገር ጠይቁ። ግፊቱ ስንት ነው? የዓይን ነርቩ ታይቷል ወይ? የወንፊቱ ጥግ ክፍት ነው ወይስ ዝግ? ግላኮማ ከተገኘ አራተኛውን ጨምሩ፦ ለዚህ ዓይን ሌዘር ይሆናል ወይ፣ የትስ ይገኛል? የተጻፈላችሁን ቁጥር በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሙ ከአዲሱ ጋር ያስተያየዋል።

ደቡብ አፍሪካ ያላችሁ ደግሞ ቤት ስትደውሉ "ዓይንህ እንዴት ነው?" ብላችሁ አትለፉ። "ደህና ነኝ" ይላችኋል፣ እውነቱንም ነው፤ ከላይ ወረቀቱ ላይ የጠፋውን ነጥብ እናንተም አላያችሁትም። ጥያቄው "መቼ ተለካህ?" ይሁን።